ውሃ የጠጣው ጃኬት

ሳጉሬ ሲደርሱ ገና እየነጋ ነበር። ሚልካ ከሚኒባሱ ወርዳ ቀና ስትል የጋላማ ተራራ ከወገቡ በላይ የለም፤ የነሐሴ ደመና ውጦታል። እዚያ ደመና ውስጥ ገብተው፣ ተራራውን ተሻግረው፣ ሳይመሽ ቡርቃ የምትባለው መንደር መግባት አለባቸው። ቡርቃ ውስጥ እናቷ ጉዲቱ አለች። ጉዲቱ ልጇ ዳዊ መሞቱን አልሰማችም።

ዳዊ የሞተው ከመተሐራ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ነው። ወደ ቡርቃ የሚያስኬደውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶታል፣ የስልክ ኔትወርኩም በዚያው ሰሞን ጠፍቷል፤ ስለዚህ እናቱ ሳትኖር አዳማ ተቀበረ። ሰዉ «ድልድዩ እስኪጠገን እንታገስ» ሲል አጎቷ ጋሽ ዲበኩሉ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ እምቢ አሉ። ኔትወርኩ ዛሬም ነገም ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ደዋይ «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ ይጀምርና ነገሩ ያልቃል። መርዶ እንዲያ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰውየው እህል ቀምሶ እንቅልፉን ከተኛ በኋላ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ደጁ ላይ ሲሰበሰብ ነው።

ጉዲቱ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የባሏን ሞት የሰማችው ገበያ መሃል ነበር፤ ሆራ የሚባል ወሬ የማይቋጥር ነጋዴ ከበቅሎው ላይ ሆኖ ጮሆ ነገራት። እዚያው ወደቀች። ለወራት አንደበቷ ተይዞ፣ ግራ እጇም አልታዘዝ ብሏት ከረመች። ዳግመኛ እንዲያ ከደነገጠች እንደማትነሳ ሐኪሙ ለልጆቿ ሳይሸሽግ ነግሯቸዋል።

ሚልካ እስካሁን አላለቀሰችም። ሞጆ ደረቅ ወደብ የምትሠራ፣ በሳቋ የምትታወቅ ሴት፣ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብላ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ የሚያለቅሰውን ሰው ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ታጽናና ነበር። «ደነዘዘች» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ብይ ሲሏት ትበላለች፣ ተኚ ሲሏት ትተኛለች። ውስጧ ግን ሰው ተቀምጦበት እንደደነዘዘ እግር ሆኗል፤ አለ፣ ግን የእሷ አይመስላትም።

መንገድ የሚመራቸው ሰንበታ የሚባል የሳጉሬ ሰው ነው፤ ፈረሱን ጭኖ ይጠብቃቸዋል። ጋሽ ዲበኩሉ ከሚኒባሱ የወረዱት በካፖርትና በጥቁር ጃንጥላ ነበር።

«አጎቴ፣ ጋላማን በዚህ ጃንጥላ ነው የሚሻገሩት?»

«ምን አለው? አዲስ እኮ ነው።»

ሚልካ ከሻንጣዋ ቀዩን የዝናብ ጃኬቷን አውጥታ ሰጠቻቸው። ጋሽ ዲበኩሉ ትከሻቸው ጠበብ ያለ ስለሆነ ልካቸው ሆነ፤ ቀለሙ ግን አልተዋጠላቸውም።

«በስተርጅና ቀይ! ሰው ምን ይለኛል?»

«ተራራ ላይ ሰው የለም። ደግሞ ቀይ በጭጋግ ይታያል።»

እሷ የዳዊን ለበሰች፤ ሰማያዊ ሆኖ ትከሻው ላይ ቢጫ ያለበትን። ዳዊ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዳማ ሰው እየሰበሰበ ተራራ የሚያስወጣ ልጅ ነበር፤ ይህንን ጃኬት ከቦንዳ ልብስ ክምር ውስጥ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ነው የመረጠው። ጃኬቱን ይገለብጥና ስፌቱ ላይ በውስጥ በኩል ማሸጊያው ሳይላቀቅ መለጠፉን በጣቱ ይዳስሳል። ከላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ያንጠባጥብበታል፤ ውሃው ተንከባሎ ከወረደ ይይዘዋል፣ ከሰረገ ይጥለዋል። ቆቡ ጭንቅላት ሲዞር አብሮ ይዞር እንደሆነ፣ ዚፑን የሚሸፍን እራፊ እንዳለው፣ ከሥር ወፍራም ሹራብ ያስለብስ እንደሆነ ያያል። ነጋዴዎቹ ሲመጣ «ሐኪሙ መጣ» ይሉት ነበር።

ሚልካ ልብ ያላለችው አንድ ነገር ነበር። ዳዊ በተቀበረ ሰሞን ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሸዋወርቅና የእድሩ ሴቶች ልብሱን ሁሉ አጥበው ነበር፤ የሟች ልብስ ለችግረኛ ሲሰጥ ንጹሕ መሆን አለበት። ጃኬቱን የእሱ የክብር ልብስ ነው ብለው አብልጠው ለፉበት። በዱቄት ሳሙናና በበረኪና ዘፈዘፉት፣ በብሩሽ ፈተጉት፣ ለሁለት ይዘው ጨመቁት፣ በአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ አሰጡት፣ በመጨረሻም በጋለ ካውያ ተኮሱት። እያለቀሱ ነው የተኮሱት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሚልካ እጅጌው ላይ የካውያውን መስመር ስታይ ትጮህ ነበር፤ ያን ቀን ግን አየችውና ምንም ሳይመስላት ለበሰችው።

«ከእናንተ በፊት ሌላም ሰው ወጥቷል» አለ ሰንበታ ፈረሱን እየጎተተ። «የቡርቃው ሆራ። ሁለት በቅሎ ቦንዳ ጭኖ።»

ጋሽ ዲበኩሉ ባሉበት ቆሙ። «ሆራ? ትናንትና እኮ ድንኳኑ ውስጥ ነበረ!»

«አዎ፣ ለቅሶ ደርሼ መጣሁ ብሏል። ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ነው ያደረው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። ከሆራ ቀድመው መግባት አለባቸው፤ ቁርስም ሳይበሉ ሽቅብ ጀመሩ።

የገብሱን ማሳ አልፈው፣ የኮሶውን ጫካ ጥሰው፣ አስታ የሚባል ቁጥቋጦ ብቻ የሚበቅልበት ሜዳ ላይ ሲወጡ ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ ካፊያ ነበር፤ ቀጥሎ ነፋሱ ከጎን እየገረፈ አመጣው፤ ከዚያ በረዶ ሆነ። የጋሽ ዲበኩሉ ጃንጥላ አንዴ ተገለበጠና ከእጃቸው አምልጦ በሜዳው ላይ እየተንከባለለ ሄደ። ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አዩት።

«አዲስ ነበር እኮ» አሉ።

ፈረሱ ጆሮውን አጥፎ ቆመ። ሰንበታ ልጓሙን እየሳበ «ሱታ፣ ሱታ»፣ ቀስ በል፣ እያለ ያባብለዋል። መንገዱ ወደ ጅረትነት ተለወጠ፤ እግራቸው ሲገባ እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጠዋል፣ ሲወጣ ጫማውን ሊያስቀር ይታገላል። ሚልካ ከፊቷ የሚሄደውን ቀይ ጃኬት አየች። ውሃው በአጎቷ ትከሻ ላይ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ይንሸራተታል። ወደ ራሷ ክንድ ዞራ አየች። ሰማያዊው ጨርቅ ጠቁሯል፤ ጠብታ የሚባል ነገር የለም፣ ጨርቁ ውሃውን እየጠጣው ነው።

ያኔ ገባት። ታጥቦ ያልወጣ ሳሙና ውሃ ይስባል፤ ካውያ ደግሞ የስፌቱን ማሸጊያ ያላቅቃል። እጇን በብብቷ አስገብታ ዳሰሰች፤ ማሸጊያው ተልጦ ተንጠልጥሏል። ቅዝቃዜው በክርኗ ገባ፣ ከዚያ በትከሻዋ፣ ከዚያ በጀርባዋ ቁልቁል ወረደ። ለማንም አልተናገረችም። ምን ትበል? ዳዊ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ጭቃውን በለብታ ውሃ በእጁ ብቻ አጥቦ፣ ሳይጨምቅ ጥላ ውስጥ ይሰቅለው የነበረ ልብስ፣ ሰዎች ስለወደዱት ብቻ ተበላሸ። በዚህ ልትናደድ ፈለገች፤ ንዴቱም አልመጣም።

ጅብራ የሚባሉት የደጋ ተክሎች እንደ ሰው ከቆሙበት ሲደርሱ ጭጋጉ ወፍሮ የፈረሱ ጭራና የፈረሱ ራስ በአንድ ላይ አይታዩም ነበር። ፈረሱ ድንገት አናፋና ወደ ኋላ ተጎተተ።

«ወራቤሳ!» ብሎ ጮኸ ሰንበታ።

ሦስት ጅቦች ናቸው። ጭጋግ ሲሆን ጅብ ቀንና ማታ አይለይም። አንዱ ከፊት መንገዱን ዘጋ፣ ሁለቱ በጎን በኩል ጎንበስ ብለው ወደ ፈረሱ ኋላ እግር ይዞራሉ። ፈረሱ ተራገጠ፣ ጭነቱ ዘመመ፣ ሰንበታ በልጓሙ ተንጠልጥሎ ጭቃ ላይ ተጎተተ። ጋሽ ዲበኩሉ ዱላቸውን እያወናጨፉ የቻሉትን ያህል ይጮኻሉ።

ሚልካ ድንጋይ አነሳችና ከፊት ወደቆመው ጅብ ቀጥ ብላ ሄደች። አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። ጅቡ ጥርሱን አሳያት። እሷ መሄዷን ቀጠለች፤ ድንጋዩን ግንባሩ ላይ የወረወረችው ጠረኑ እስኪሸታት ከቀረበች በኋላ ነው። ጅቡ ጮኾ ዘለለና ጭጋጉ ውስጥ ገባ፤ ሌሎቹም ሰንበታ ተነስቶ በአለንጋው ሲያሳድዳቸው ተከተሉት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም እንዴ?» አለ ሰንበታ እያለከለከ። «ሰው እንዴት ወደ ጅብ ይሄዳል?»

የሚልካ ልብ አልደነገጠም ነበር፣ በሷ ላይ ምንም ሊደርስ የሚችል መስሎ አልታያትም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ፈራች።

ጋሽ ዲበኩሉ ቀርበው ፊቷን አዩ። ከንፈሯ ጠቁሯል። እጇን ያዙት፤ ጣቶቿ አይታጠፉም።

«ልጄ፣ ምነው አትንቀጠቀጪም? ቅድም ስትንቀጠቀጪ ነበር!»

«አልበረደኝም።»

«እሱ ነው ያስፈራኝ!» ብለው እጅጌዋን ጨመቁት፤ ውሃው ጠብ ጠብ አለ። «ይሄ ምንድን ነው? ውሃ አይገባውም የተባለው ጃኬት አይደለም እንዴ? ያንቺን እኔ ለብሼ ልገድልሽ ነው? እንቺ፣ ልበሺ!»

«አይሆንም። ነገ ጠዋት የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ከታመሙ ማን ይነግራታል?»

ሰንበታ ግን ክርክር አልፈለገም። የፈረሱን ጭነት የሸፈነውን ላስቲክ አወረደ፣ መሃሉን በቢላ ቀደደ፣ በራሷ ላይ አጠለቀላትና ወገቧ ላይ በገመድ አሰረው። ከዚያ ከከረጢቱ ጭኮ አወጣ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ አርሲዎች ለመንገድ የሚይዙት ነው። በጣቱ እየቆረሰ አጎረሳት።

«ዋጪ። አትቀመጪ። ከተቀመጥሽ አትነሺም።»

ዋጠች። ቁልቁለቱን በአንድ እግር እየተንሸራተቱ፣ በአንድ እግር እየተገቱ ወረዱ። ከአፍታ በኋላ እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ አጎቷ ይህን ሲያዩ «ተመስገን» አሉ።

ከተራራው ግርጌ ወንዙ ሞልቶ ያጓራል። ከማዶ የቡርቃ ቆርቆሮዎች ይታያሉ። ከወዲህ፣ ከእረኞች ጎጆ አጠገብ፣ ሁለት በቅሎዎች ቆመዋል፤ ከአጠገባቸው ሆራ ኮቱን ተከናንቦ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል። ደርሰውበታል።

«አከም! እናንተም መጣችሁ?» አለ ሆራ ፊቱ በርቶ። «አየህ ጋሽ ዲበኩሉ፣ ወንዙ እየቀነሰ ነው። አብረን ገብተን ጉዲቱን እናጽናናታለን።»

«ሆራ፣ እባክህ፣ እስከ ነገ ማለዳ ምንም አትናገር። ሴትዮዋን ታውቃታለህ።»

«ለቅሶ ደርሼ መጥቼ ደጇን ዝም ብዬ ላልፍ? ነውር ነው! ነገ 'ሆራ አይቶ ዝም አለ' ልባል ነው? ከዚያ ጉብታ ላይ ቆሜ አልቅሼ ነው የምገባው።»

«አንዴ ገድለሃት ነበር እኮ!» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ዛሬ ጉብታው ላይ ብትወጣ በእግዜር እምላለሁ፣ በዚህ ዱላ…»

«እስቲ ሞክር!» ሆራም ዱላውን መዘዘ። ሁለት ሽበታም ሰዎች፣ አንዱ በሴት ቀይ ጃኬት፣ የወንዙ ጫፍ ላይ ጭቃ ውስጥ ተፋጠጡ። ዱላቸው አንዴ ተጋጨ። ሆራ ወደ ኋላ ሲል የቆመበት አፈር ተንዶ አንድ እግሩ ውሃው ውስጥ ገባ፤ ሰንበታ በኮቱ ይዞ ባይጎትተው ወንዙ ይወስደው ነበር።

ሆራ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ ዓይኑ በላስቲኩ ቀዳዳ በሚታየው ሰማያዊና ቢጫ ላይ አረፈ።

«የዳዊ ጃኬት» አለ። «ከኔ ቦንዳ ነው የመረጠው። መልሰህ ሽጥልኝ ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ይሄን ለብሰሽ ነው እናትሽ ደጅ የምትቆሚው? እኔን ምን ትከለክሉኛላችሁ? መርዶውን አንቺው ለብሰሽው መጥተሻል እኮ!»

እውነት ነው። እናቷ ይህን ጃኬት በማንም ትከሻ ላይ ብታየው ዳዊ ያለ ጃኬቱ ተራራ እንደማይወጣ ታውቃለች። ሚልካ ከአዳማ እስከዚህ ይዛው ስትመጣ ይህንን አላሰበችውም፤ ማሰብ የተወችው ከቀብሩ ጀምሮ ነው።

ገመዱን ፈታች፣ ላስቲኩን አወለቀች፣ ዚፑን በማይታጠፉ ጣቶቿ ታግላ ከፈተች። ዝናቡ ሹራቧን መታው። ጃኬቱን ለሆራ ዘረጋችለት።

«ይውሰዱት፣ ጋሽ ሆራ። የርስዎ ይሁን። ፀሐይ እስክትወጣ ግን ከወንዙ ወዲህ ይቆዩ። ወደ መንደሩም ለብሰውት አይግቡ።»

ሆራ አልተቀበለም። «ልትፈትኚኝ ነው?»

«የምለው ከልቤ ነው። ግን ይወቁት፣ አሁን ውሃ ያስገባል። በሳሙናና በበረኪና ታጥቦ ተተኩሷል።» ድምጿ ያው ደረቅ ድምጽ ነበር፣ ሥራ ቦታ ጭነት ስታስረክብ የምትናገርበት። «ሳሙናው እስኪጠራ ድረስ በለብታ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት። በእጅ ነው፤ ብሩሽ አያስነኩት፣ አይጭመቁት። በማንጠልጠያ ጥላ ውስጥ ይስቀሉት፤ ፀሐይ ላይ አይሆንም። ስፌቱ ውስጥ የተላቀቀው በሙጫ ይለጠፋል። ሙጫው አዳማ ጎማ ለጣፊዎቹ ጋ አለ፣ እሱም እዚያ ነበር የሚያስለጥፈው። ከዚያ ውሃ የሚመልሰውን ፈሳሽ ይረጩበታል። እርጥቡን አጥፈው ከረጢት ውስጥ እንዳያስቀምጡት፣ ይሻግታል። እና ዚፑን…»

ዚፑ ላይ ስትደርስ ቆመች። ዳዊ ዚፑን በሻማ ነበር የሚያሸው። ይህን ማለት አቃታት፤ ለምን እንዳቃታት አልገባትም።

ሆራ ጃኬቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ልክ እንዲህ ነበር የሚለኝ» አለ ዝቅ ብሎ። «ቃል በቃል።» ከዚያ ተነስቶ ከበቅሎው ላይ ገመዱን ፈታ። «ያኔ ገበያ ላይ… ቸኩዬ ነው እኮ። ልጎዳት ብዬ አልነበረም። ሂዱ፣ እኔ እዚሁ ጎጆ ውስጥ አድራለሁ። ጉብታውም ይቅር።»

የገመዱን አንድ ጫፍ ግራር ላይ አሰሩ፣ ሌላውን ሰንበታ በፈረሱ ማዶ አሻገረ። ሚልካ ላስቲኳን መልሳ አጥልቃ ገመዱን በክንዷ ጠምጥማ ገባች። ውሃው ደረቷ ድረስ ነበር፤ ድንጋዮች ከእግሯ ሥር ይንከባለላሉ። አጎቷ ከኋላዋ መዝሙረ ዳዊት እየደገሙ ተሻገሩ። ከማዶ ወጥተው ሳር ላይ ሲወድቁ ፀሐይዋ ልትገባ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ጋሽ ዲበኩሉ ከሰንበታ ጋር በጓሮ በኩል ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ሄዱ። ሚልካም ልትከተላቸው ነበር፤ ነገር ግን እናቷ ጥጃ ልታስር ወደ ደጅ ወጥታ አየቻት።

«ሚልካ? ሚልኪ! በየት መጣሽ?»

«በተራራው። መንገዱ ስለተዘጋ፣ እንዴት ነሽ ልል ነው።»

«በዚህ ዝናብ! ጃኬት የለሽም? ወንድምሽ ይህን ሁሉ ሲያስተምርሽ፣ በላስቲክ ትመጫለሽ?» ጉዲቱ እየተቆጣች ጎትታ አስገባቻት፣ እርጥቡን አወለቀችላት፣ ጋቢ አለበሰቻት። እሳቱ ዳር አስቀምጣ እግሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ማሸት ጀመረች። «ዳዊስ? ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አለች ሚልካ።

«አንቺን ብቻሽን ይልካል? ምን ይዞት ነው?»

«ሥራ ይዞት ነው፣ እማ።»

«ሲመጣ አገኘዋለሁ።»

ደም ወደ ጣቶቿ ሲመለስ እንደ መርፌ ወጋት። አመማት፤ ከእግሯ ጣት ተነስቶ እስከ ጉሮሮዋ አመማት። ጥርሷን ነከሰች። እናቷ ትኩስ ወተት አጠጣቻት፣ ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ድልድዩ፣ ዳዊ ሲመጣ ስለምታርድለት በግ አወራቻት። ሚልካ ሁሉንም ሰማች፣ ለሁሉም መለሰች። ያን ማታ እናቷ ሳቀች፣ በላች፣ ቶሎም ተኛች። ሚልካ አጠገቧ ተጋድማ ትንፋሿን አዳመጠች።

ሲነጋ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሽ ዲበኩሉ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹና የጎረቤት ሴቶች ከኋላ ሆነው ገቡ። ማንም ማንንም ሰላም አላለም። ጉዲቱ ቆማ አየቻቸው፣ አንድ በአንድ። ሴቶቹ በግራና በቀኝ መጥተው ክንዷን ያዙ።

ጋሽ ዲበኩሉ በቀስታ ተናገሩ። ሴቶቹ ጉዲቱን ደግፈው አስቀመጧት። ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ የልጇን ስም ደጋግማ ጠራች። ስሙ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር፤ አንደበቷ አልተያዘም፣ ሁለቱም እጆቿ ይታዘዙላት ነበር። ሚልካ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ከብዙ ጩኸት በኋላ እናቷ ዞር ብላ ፈለገቻት።

«ማታ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጉዲቱ እጇን ዘረጋችላት። «በዚያ ሁሉ ዝናብ ብቻሽን ተሸክመሽው ነው የመጣሽው፣ ልጄ? እኔን እያሳቅሽ ነው ያደርሽው?»

ሚልካ እናቷ ጭን ላይ ወድቃ እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች፣ ጉዲቱም ፀጉሯን እያሻሸችላት አብራት አለቀሰች።